የእንጨት ወይስ የብረት ፕሮፔለር? ከአዲስ አበባ ለምትነሳ ትንሽ አውሮፕላን

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ፒያሳ ነው የምኖረው። ውጭ ካለው ወንድሜ ጋር ሆነን ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጭራዋ ላይ ጎማ ያላት ሱፐር ከብ ልንገዛ ነው። ሞተሯ ላይካሚንግ ኦ-320 ነው፤ 150 የፈረስ ጉልበት። ከአዲስ አበባ እየተነሳች ደቡብ ኦሞና ባሌ ውስጥ ሣርና ኮረት ሜዳ ላይ የእንስሳት መድኃኒት እንድታደርስልን ነው ሐሳባችን። ፕሮፔለሯ ተጎድቶ ስለወለቀ ሌላ መግዛት አለብን። ወንድሜ ‹እንጨት ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቢመታም ሞተሩን ያተርፋል› ይላል። አንድ የማውቀው መካኒክ ‹ከብረት ሌላ አትንካ› አለኝ። ለእኔ ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀላሉ እንጨት የሚሻል ይመስለኛል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይሽከረከርም እሰጋለሁ። ጎጃም በረንዳ ያለ አናጢ ጓደኛዬ አሮጌውን አይቶ ከዋንዛ እቀርጽልሃለሁ ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ብረቱን ውሰድ። ለዚህ ሞተር፣ ለዚህ ሥራና ለምታርፍባቸው ሜዳዎች መልሱ ብረት ነው። ግን መካኒኩም ወንድምህም ያላነሱት ነገር አለ። ከእንጨትና ከብረት ምርጫ በፊት የሚመጣው የፕሮፔለሩ ርዝመትና ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ልክ) ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ትልቁ ልዩነት እዚያ ላይ ነው ያለው። ከዚያ በፊት ግን የዋንዛውን ነገር ልዝጋው።

ጓደኛህ ጎበዝ አናጢ ሊሆን ይችላል፤ አልጠራጠርም። ዋንዛም ለበርና ለአልጋ ግሩም እንጨት ነው። ፕሮፔለር ግን ሌላ ነገር ነው። በደቂቃ 2,700 ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር በሰከንድ 45 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከመሃሉ 90 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለ 100 ግራም እንጨት በዚያ ፍጥነት ከ700 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውጭ ይጎተታል። የአንድ ብሌድ (የፕሮፔለሩ አንድ ክንፍ) ጫፍ ቢሰነጠቅና ያቺ 100 ግራም ብትሄድ፣ ሌላኛው ብሌድ ያንን ኃይል ብቻውን ይዞ ሞተሩን ማናወጥ ይጀምራል። ሞተር ከማሰሪያው ተገንጥሎ የወጣባቸው አደጋዎች እንዲህ ነው የጀመሩት። ትክክለኛ የእንጨት ፕሮፔለር ከአንድ ግንድ አይቀረጽም። እርጥበቱ ከተለካ እንጨት፣ ብዙ ጊዜ ከበርች፣ ስስ ሳንቃዎች እየተደራረቡ በልዩ ኮላ ይጣበቃሉ። የእያንዳንዱ ሳንቃ የእንጨቱ ክር አቅጣጫ ይመረመራል። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 የሠሩትም ቢሆን ተደራርቦ የተጣበቀ ነበር። ጓደኛህ የሚቀርጸውን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ስቀለው። ሞተር ላይ እንዳታስረው፤ ለሙከራ ብለህ መሬት ላይ እንኳ እንዳታዞረው።

ሌላ ማስተካከል ያለብኝ ነገር «ብረት» የምንለውን ነው። በአፍ ልማድ ብረት እንላለን እንጂ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ይህንን ካላወቅክ፣ በኋላ ጠርዙ ስለሚጎዳበት መንገድ የምነግርህ አይገባህም። አሉሚኒየም እንደ ብረት ግትር አይደለም። ይደክማል። ትንሽ ጭረት ካገኘ ከዚያች ጭረት ተነስቶ መሰንጠቅ ይችላል።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። «ከፍታ ላይ ስለሆንን ቀላሉ ይሻላል» የሚለው ስሜት የሚሰጥ ይመስላል፤ ስህተት ግን ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሙቀቱ 23 ዲግሪ በሆነ ቀን አውሮፕላኗ የሚሰማት አየር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ27 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበውም ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ 150 የፈረስ ጉልበትህ ወደ 105 ይወርዳል። ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚይዙት ያንኑ አየር ነው። በእንጨትና በብረት መካከል ያለው የሰባት ወይም ስምንት ኪሎ ልዩነት በዚህ ፊት ምንም ማለት አይደለም። የአንድ ጀሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«ስስ አየር ውስጥ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሽከረከራል» የሚለውን ስጋት ከብዙ ሰው እሰማዋለሁ። ፒቹ የማይቀየር ፕሮፔለር ላይ እንዲያ አይሆንም። አየሩ ሲሳሳ ፕሮፔለሩን ማዞር ይቀላል፤ እውነት ነው። ግን ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል። እንዲያውም ሞተሩ ትንሽ ባስ ብሎ ይደክማል፤ ምክንያቱም የራሱን ፍትጊያ ማሸነፊያ የሚወስደው ጉልበት ከፍታ ላይ ቢሆንም አይቀንስለትም። ስለዚህ ቆመህ ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ የሚታየው ዙር ከባሕር ዳርቻው እኩል ወይም ትንሽ ያነሰ ይሆናል። የሚጠፋው ዙሩ ሳይሆን ጉተታው ነው። መደወያው ላይ ዙሩ ልክ ነው ብለህ ሜዳው ይበቃኛል እንዳትል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ፒች። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠጣር ነገር ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ሱፐር ከብ ላይ የተለመደው 74 በ56 ኢንች የሚባለው ነው። ርዝመቱ 188 ሳንቲ ሜትር፣ ፒቹ 142 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ለጉዞ ጥሩ ነው። በአላስካ አጭር ሜዳ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ግን ቦረር የሚሉትን፣ 82 ኢንች ርዝመትና 41 ወይም 43 ኢንች ፒች ያለውን የብረት ፕሮፔለር ያስራሉ። ርዝመቱ ብዙ አየር ይይዛል። ፒቹ ዝቅ ያለ ስለሆነ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ዙሩን ያነሳል። መኪና በአንደኛ ማርሽ ዳገት እንደመውጣት በለው። የእንጦጦን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ማን ይሞክራል?

የምትከፍለው ዋጋ ፍጥነት ነው። በጉዞ ላይ ትዘገያለህ። ሌላም አለ፦ ቁልቁል ስትወርድ ወይም አግድም በሙሉ ጋዝ ስትበር ዙሩ ከ2,700 ቀይ መስመር በቀላሉ ያልፋል። ጋዙን መቀነስ የአንተ ሥራ ነው። የዙር መቁጠሪያው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሊዋሽ ስለሚችል መጀመሪያ አስመርምረው።

እንጨትን ለአንተ ያልመረጥኩበት ዋና ምክንያት ክረምታችን ነው። ሐምሌ ላይ የቤትህ በር አልዘጋ ሲል አይተህ ታውቃለህ። ጥር ላይ ያው በር ይላላል። ፕሮፔለርም እንጨት ነው። የእንጨት ፕሮፔለር ከሞተሩ ጋር የሚሠራው በብሎኖቹ ግትርነት አይደለም። እምብርቱና የሞተሩ ፍላንጅ (ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት ክብ ሳህን) ተጫጭነው በፍትጊያ ነው ጉልበቱ የሚተላለፈው። በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ብሎኖቹ እንጨቱን ይጨፈልቃሉ። በበጋ ሲደርቅና ሲቀንስ ብሎኖቹ ይላላሉ። ሲላሉ እምብርቱ ፍላንጁ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ይሞቃል፤ ይከስላል። በመጨረሻ ብሎኖቹ ሊቆረጡ ይችላሉ።

ይህንን በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለምርመራ መጣች። ፓይለቱ «ትንሽ ትንቀጠቀጣለች» አለን። ፕሮፔለሯን ስናወልቅ የእምብርቱ ፊት እንደ ምድጃ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ጥፍሬን ስጭነው ገባ። ክረምት ላይ የታሰረ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት ማንም ቁልፍ አላስገባበትም። ያ ሰው ያን ያህል ጊዜ ሲበር ከርሟል። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

እንጨት ያለው ሰው ስለዚህ የሚያደርገው ይህ ነው። ብሎኖቹን ከመጀመሪያው በረራ በኋላ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይፈትሻል፤ ከ25 ሰዓት በኋላ ይደግማል፤ ከዚያም በየ50 ሰዓቱ። ሰዓቱ ባይደርስም ወቅት ሲለወጥ ይፈትሻል። እኛ አገር ይህ ማለት ቢያንስ ሰኔ ላይና ጥቅምት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወርዶ ቆላ ሳምንታት የሚቆይም እንዲሁ። የቶርኩ ልክ ከብረቱ ያነሰ ነው፤ የብረቱን ቁጥር እንጨት ላይ የሚጠቀም ሰው እንጨቱን ይሰብረዋል። ሲያቆም ደግሞ ብሌዶቹን አግድም ነው የሚያቆመው። ቀጥ ብለው ከቆሙ እርጥበቱ ወደ ታችኛው ብሌድ ይወርድና አንዱ ከሌላው ይከብዳል። አውሮፕላኗን ጥላ ሥር ማቆሚያ ከሌለህ ይህን ሁሉ ማድረግ አድካሚ ነው።

ዝናቡ ራሱም ሌላ ጣጣ ነው። ርዝመቱ 76 ኢንች የሆነ ፕሮፔለር በ2,700 ዙር ጫፉ በሰከንድ 270 ሜትር ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት የዝናብ ጠብታ ጠጠር ነው። የእንጨቱን የፊት ጠርዝ ለመጠበቅ የናስ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ይደረግለታል፤ ያም ሆኖ ዝናብ ውስጥ ዙር መቀነስ ግድ ይላል። የእኛን ሰማይ ደግሞ ታውቀዋለህ። ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ከዳገት ጋር እየታገልክ ዙር ቀንስ ብትባል ምን ታደርጋለህ?

ከዚያ ኮረቱ አለ። ኮረት ሜዳ ላይ ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ ፕሮፔለሩ ጠጠር ከመሬት እየሳበ ራሱን ይመታል። እንጨት ሲመታ ይቦረቦራል፤ ሽፋኑ ከተነሳ ወይም ስንጥቁ ወደ ኮላው መስመር ከገባ ሜዳ ላይ የምታደርገው ነገር የለም። አሉሚኒየም ሲመታ ጥርስ ያወጣል። ያችን ጥርስ ሥልጣን ያለው መካኒክ በደቃቅ ሞረድ ያለሰልሳታል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይጨርሳታል። መሞረድ ያለበት በብሌዱ ርዝመት አቅጣጫ ነው። አግድም የተሞረደ ጭረት ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ጥልቀቱ የአምራቹ መመሪያ ከሚፈቅደው ካለፈ ፕሮፔለሩ ከአገልግሎት ይወጣል። ወደ እምብርቱ የቀረበ ጉዳት ደግሞ ከጫፉ የከፋ ነው። «ትንሽ ናት፤ ነገ እናያታለን» የሚባል ነገር የለም። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ማግኔቶው (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው) መጥፋቱን አረጋግጠህ ጣትህን በፊተኛው ጠርዝ ላይ አሳልፍ። ጣት ዓይን ያላየውን ያገኛል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንህ ነገር አለ። የተጎበጠ ወይም ጫፉ የተጎዳ የብረት ፕሮፔለር ይዘህ ቶርኖ ቤት እንዳትሄድ። በመዶሻ የሚያቀና፣ ጫፉን ቆርጦ የሚያስተካክል ጎበዝ ሰው አታጣም። ውጪው ያምራል። ውስጡ ግን ምን እንደሆነ አይታይም። በዚያ ላይ ሞተርና የብረት ፕሮፔለር አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ርዝመቱን ሁለት ሳንቲ መቀነስ ንዝረቱን ወደ አደገኛ ዙር ሊያመጣው ይችላል። አንዳንድ የኦ-360 ሞተሮች ላይ የሚታሰር ሰንሰኒክ 76ኢኤም8 የሚባል ፕሮፔለር ከ2,150 እስከ 2,350 ባለው ዙር ላይ እንዳትቆይ ይከለክላል። ማንም ያልቆረጠው፣ አዲስ ከፋብሪካ የወጣ ፕሮፔለር ነው ይህ። ቶርኖ ቤት የተቆረጠው ስንት ዙር ላይ እንደሚሰነጠቅ የሚነግርህ ሰው የለም።

ለእንጨት ፍትሕ ልስጠው። ንዝረትን እንደ እንጨት የሚውጥ የለም። የአሜሪካ ደንብ የተለመደውን ባለ ቋሚ ፒች የእንጨት ፕሮፔለር ከንዝረት ፈተና ነጻ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ክብደቱ የብረቱ ግማሽ ገደማ ነው። ክራንክሻፍቱን (ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን የሞተሩን ዘንግ) ያሳርፋል። ዋጋውም ይቀንሳል። ጉድለቱ ጥንካሬ ለማግኘት ወፍራም መሆን አለበት፤ ወፍራም ስለሆነ ከብረቱ በጥቂት በመቶ ያነሰ ይጎትታል። ያቺን ጥቂት በመቶ ባሕር ዳርቻ ላይ አትፈልጋትም። 105 የፈረስ ጉልበት ቀርቶህ ሜዳው መጨረሻ ላይ ዛፍ ሲታይህ ግን ትፈልጋታለህ። 65 ወይም 85 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ሣር ላይ ብቻ የምታርፍ፣ ማታ ጣሪያ ሥር የምታድር አውሮፕላን ቢኖርህ እንጨቱን ያለማመንታት እመርጥልህ ነበር።

«ቢመታም ሞተሩን ያተርፋል» ላለው ወንድምህ ይህን አንብብለት። እንጨት ሲመታ ተሰባብሮ ስለሚሄድ ወደ ክራንክሻፍቱ የሚደርሰው ምት ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ላይካሚንግ በሰርቪስ ቡለቲን (የአምራቹ የጥገና ማስታወቂያ) 533 የፕሮፔለር ምት የሚለው ትልቁን ግጭት ብቻ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እንኳ ፕሮፔለሩን ከቀላል ሞረድ ያለፈ ጥገና የሚያስፈልገው ምት ሁሉ ይቆጠራል። ፕሮፔለሩ ከእንጨት ስለተሠራ አይማርም። ከምት በኋላ በተለይ የሚታየው ከክራንክሻፍቱ ጀርባ ያለው ባለ ጥርስ ማርሽና ማሰሪያው ነው። ያ ማርሽ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ እና ሌሎቹን ሁሉ ይነዳል። እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ አየር ላይ ይቆማል።

አሁን ደብዳቤህ ውስጥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያለፍከውን ልጠይቅህ። «ፕሮፔለሯ ተጎድቶ ስለወለቀ» ብለሃል። እንዴት ተጎዳ? መሬት መትቶ ከሆነ ያ ሞተር ተፈትሾ መዝገቡ ላይ ካልተጻፈ በቀር ስለ ፕሮፔለር መነጋገር ጊዜው አይደለም። የሞተር ፍተሻ ወጪ ከፕሮፔለሩ ዋጋ ይበልጥ እንደሆነ እንጂ አያንስም። ሻጩ «ትንሽ ነው የነካው» ካለህ ቃሉን በጽሑፍና በሞተር መዝገብ ላይ ጠይቀው። አልሰጥም ካለ ሌላ አውሮፕላን ፈልግ።

ካርቦን ወይም ፋይበር የለበሰ ፕሮፔለርም አለ። የጀርመኑ ኤምቲ የሚሠራው ውስጡ እንጨት ሆኖ ላዩ ፋይበር፣ የፊት ጠርዙ ብረት ነው። ቀላልም ጠንካራም ነው፤ እኔ ራሴ እወደዋለሁ። ውድ ነው፤ ሲጎዳ ደግሞ የሚጠግንልህ ሰው ቅርብ አታገኝም። ለመጀመሪያ አውሮፕላን አልመክርህም።

ስትቀይር ሦስት ነገር እንዳትረሳ። የእንጨትና የብረት እምብርት ውፍረታቸው ስለሚለያይ የአንዱ ብሎን ለሌላው አይሆንም። አፍንጫው ላይ ስምንት ኪሎ መጨመር ወይም መቀነስ ደግሞ የክብደቱን ማዕከል በጥቂት ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል፤ እንደገና ተመዝና መዝገቡ መስተካከል አለበት። በመጨረሻም የገዛኸው ፕሮፔለር በዚያች አውሮፕላን የፈቃድ ሰነድ ላይ የተዘረዘረ ወይም ለብቻው የጸደቀ መሆን አለበት። የቦረሩ ዓይነት ረጅም ፕሮፔለር ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዘህ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄደህ አማክር። ከገዛህ በኋላ ከሆነ ሊቆጭህ ይችላል።

ገንዘቡ ካልበቃህ ረጅሙን ተወውና በሰነዱ ላይ ያለውን 74 ኢንች የብረት ፕሮፔለር ዝቅ ባለ ፒች ፈልግ። ያገለገለ ከሆነ ርዝመቱንና የብሌዱን ስፋት የሚያሳይ የጥገና ወረቀት ያለው ይሁን። ረጅሙን የምትወስድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሜትር ይዘህ ሂድ። ጭራዋን አንስተህ አውሮፕላኗን ለመነሳት በምትሮጥበት አኳኋን አቁማትና ከፕሮፔለሩ ጫፍ እስከ መሬት ለካ። ጭራዋ ላይ ጎማ ላላት አውሮፕላን ደንቡ የሚጠይቀው ቢያንስ 23 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎማዋ ትንሹ ከሆነና 23 ካልሞላ፣ ወይ ትልቅ ጎማ ታስራለህ ወይ አጭሩን ትወስዳለህ። ልኩንና የሞተሩን መዝገብ ገጾች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የትኛው ፒች እንደሚሆንህ በቁጥር እነግርሃለሁ።